ፊውዝ የሚበጥስ የነዳጅ ፓምፕ፦ በላምባዲና ወይስ በአምፔር መለኪያ?

ፊውዙ ቁልፍ እንደተከፈተ ወዲያው የሚበጠስ ከሆነ ላምባዲናው ይቅደም። በፊውዙ ቦታ የሚገባ የ12 ቮልት 21 ዋት ላምባዲና ከ2 አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ሾርቱ ሽቦ ሳያቃጥል ይፈለጋል። ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ስለዚህ ለፓምፑ ኃይል የሚያገናኘው ማብሪያ (ሬሌው) ተነቅሎ በሶኬቱ ላይ 30 እና 87 የሚል ቁጥር ያላቸው ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኙ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው፦ ጤነኛ ፓምፕም ላምባዲናውን ያበራዋል። የፓምፑን ሶኬት ሳይነቅሉ ፍርድ የለም። ተነቅሎም ደምቆ ከበራ ሽቦው ቦዲ ነክቷል፤ ከወንበር ሥር እስከ ታንከሩ አናት እየወዘወዙ ብርሃኑ የሚርገበገብበትን ቦታ ይፈልጉ። ከጠፋ ግን ጥርጣሬው ወደ ፓምፑና ታንከሩ ውስጥ ወዳለው ሽቦ ይዞራል።

ፊውዙ ከተነዳ በኋላ ሲሞቅ የሚበጠስ ከሆነ ላምባዲናው ምንም አይነግርዎትም። የፓምፑን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ኦም) መለካትም ያሳስታል፤ የደህና ፓምፕ ንባብ ራሱ ወደ 1 ኦም ይጠጋል። እዚህ ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኃይል) የሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚያነብ መለኪያ፣ ያስፈልጋል። ብዙ የቤንዚን ፓምፖች ከ4 እስከ 8 አምፔር ይስባሉ፤ በ15 አምፔር ፊውዝ ላይ ንባቡ 12 እና 13 እየሆነ ከወጣ የነዳጅ ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም ፓምፑ እየከበደው ነው። መጀመሪያ ማጣሪያውን መቀየር ይረክሳል። 30 አምፔር ፊውዝ መሰካት ግን ሽቦውን ፊውዝ ማድረግ ነው።