ለሳይኮሎጂ ዲግሪ የብድር ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ትናንት ሳይኮሎጂ ከተማርሁበት የግል ኮሌጅ ቢሮ ወጥቼ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ካደርሁ በኋላ ስለሆነ፣ ቁጣዬ ቢታይ ይቅርታ አልጠይቅም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ እንዲህ ያሉትን የግል ኮሌጆች በሚገባ ታውቋቸዋላችሁ፤ ማታና ቅዳሜ ያስተምራሉ፣ ማስታወቂያቸው በየአውቶቡሱ ላይ ይለጠፋል፣ ስልካችሁን አንዴ ካገኙ ደግሞ እስክትፈርሙ ድረስ መደወላቸውን አያቆሙም።

እኔ የፈረምሁት በ2021 መኸር ነው። በአረጋውያን መጦሪያ በሌሊት ፈረቃ እሠራ ስለነበር፣ ስልኬን በትሕትና የሚያነሳና ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ የቅበላ አማካሪ ማግኘቴ ብቻውን ልቤን አርግቶት ነበር። ሳይኮሎጂ ተምሬ ምን ያህል እንደማገኝ ስጠይቀው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ የሳይኮሎጂስቶችን ዓመታዊ ደመወዝ አሳየኝ፤ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይላል። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ያ ደመወዝ ዶክትሬት ይዘው፣ የሙያ ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩ ሰዎች የሚያገኙት መሆኑን ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ በስልኬ ላይ በጣቴ አስፈረመኝ። የፌዴራሉ የብድር ውል አንዴ ከተፈረመ በየዓመቱ አዲስ ብድር እየተጨመረበት እስከ 10 ዓመት ሊያገለግል እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዕድሜዬ ከ24 በላይ ስለሆነ በራሷ የምትተዳደር ተማሪ ተብዬ የተፈቀደልኝን ጣሪያ በሙሉ ተበደርሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት 9,500፣ በሁለተኛው 10,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ በእያንዳንዱ 12,500፣ ባጠቃላይ 45,000 ዶላር። የማይመለሰው የፌዴራል ድጎማ፣ ፔል ግራንቱም ሳይተርፍ እዚያው ገባ። ከብድሩ ውስጥ 26,000 ዶላሩ መንግሥት ወለዱን የማይሸፍነው ዓይነት በመሆኑ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ቆሞ የነበረው ወለድ በመስከረም 2023 ሲመለስ እኔ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ዕዳዬ ያድግ ነበር። ባለፈው ግንቦት ተመረቅሁ፤ የስድስት ወሩ የእፎይታ ጊዜ አለቀና የብድር ክፍያ ደብዳቤው ሲደርሰኝ ዕዳዬ ከ47 ሺህ አልፏል። በመደበኛው የ10 ዓመት አከፋፈል በየወሩ ከ500 ዶላር በላይ መክፈል አለብኝ ማለት ነው። በዲግሪዬ ያገኘሁት ብቸኛ ሥራ የአእምሮ ሕሙማን በሚኖሩበት ቤት ረዳትነት ሲሆን፣ የሚከፍለው በሰዓት 21 ዶላር ነው፤ አረጋውያኑን እያገላበጥሁ ከማገኘው በአንድ ዶላር ያንሳል።

ትናንት ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድሁ። ያ አማካሪ ለቋል አሉኝ፤ በእሱ ወንበር አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። አሁንም ተስፋ አልቆረጥሁም ነበርና፣ የሳይኮሎጂስትነት ፈቃድ ለማውጣት የትኛውን ቅጽ መሙላት እንዳለብኝ ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ለእኔ መልስ በመስጠት ፋንታ አጠገቧ ወደተቀመጠው ባልደረባዋ ዞራ፣ «ይቺ በመጀመሪያ ዲግሪ ሳይኮሎጂስት መሆን ትፈልጋለች» አለችው። ሁለቱም ፈገግ አሉ። እኔ ቆሜያለሁ፤ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ስለመጣሁ የሥራ ልብሴን እንኳ አልቀየርሁም ነበር። «ይህን እኮ ከመመዝገብሽ በፊት ማንበብ ነበረብሽ» አለችኝና መሳቢያዋን ከፍታ የሚያብረቀርቅ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ። የማስተርስ ፕሮግራማቸው ነው። «በዓመት እስከ 20,500 ዶላር መበደር ትችያለሽ፤ ለጥር አሁኑኑ ልመዝግብሽ?»

በማስተርሱ ሳይኮሎጂስት እሆን እንደሆነ ስጠይቃት፣ በመስኩ ብዙ ዕድል አለ አለችኝ። «በመስኩ» የምትለዋን ቃል የመጀመሪያው አማካሪም ይወዳት ነበር። ሌሊት የግዛቱን ደንብ ሳነብ ግን በቨርጂኒያ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ዶክትሬት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ፈቃድ ያለው ካውንስለር (የአእምሮ ጤና ምክር ሰጪ) ለመሆን እንኳ 60 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት፣ ከዚያም በኋላ 3,400 ሰዓት በባለሙያ ቁጥጥር ሥር መሥራት ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የራሴ ሞኝነት ነው። አዲስ አበባ ቤት ስከራይ ደላላ ያሳየኝን ክፍል ቧንቧውን ሳልከፍትና ጎረቤት ሳልጠይቅ ቀብድ አልሰጥም ነበር። ደላላ ቢያንስ ደላላ መሆኑን አይደብቅም፤ ኮሚሽኑንም ፊት ለፊት ይጠይቃል። እዚህ ግን ሰውዬው ከረባት ስላሰረና ከጀርባው የኮሌጅ ማኅተም ስለተሰቀለ መምህር ያነጋገረኝ መሰለኝ። የአክስቴ ልጅ በዚያው ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ ነርሲንግ ስትጀምር፣ እኔ አራት ዓመት ተምሬ እንደምበልጣት በልቤ አስቤ ነበር፤ እሷ ዛሬ ፈቃዷን ይዛ ትሠራለች።

ሳይኮሎጂን አትማሩ አላልሁም፤ ትምህርቱን ወድጄዋለሁ፣ እስከ ዶክትሬት የሚዘልቅ አቅምና ዕቅድ ላለው ሰው በር ይከፍታል። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴርን «ኮሌጅ ስኮርካርድ» (College Scorecard) የተባለ ድረ ገጽ ክፈቱ፤ ኮሌጁንና የትምህርት ዘርፉን ስታስገቡ የተመራቂዎቹን መካከለኛ ገቢና ዕዳ ያሳያችኋል፣ በነፃ ነው። ይህ ዲግሪ ብቻውን የትኛውን ፈቃድ እንደሚያሰጥም በጽሑፍ አስመልሷቸው። አሁን እዚያ የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ክሬዲታችሁን ይቀበል እንደሆነ በአቅራቢያችሁ ያለውን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጠይቁ፤ የእኔን አብዛኛውን አንቀበልም ብለውኛል።