ኪውናፕ ቲኤስ-264 ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የሠርግ ፋይል በዚያው ማታ የሚገባበት መንገድ

የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ፋታ የለውም። ቅዳሜ ሠርግ ነው፣ እሑድ መልስ ነው፣ ቀጥሎ ቅልቅል ይመጣል፤ ካርዱ ደግሞ ለነገ ባዶ መሆን አለበት። በ100 ሜጋቢት በሰከንድ የሚቀረጽ ፎርኬ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይይዛል። ሁለት ካሜራ ሦስት ሦስት ሰዓት ከቀረጸ 270 ጊጋ ሆነ ማለት ነው፤ ፎቶው ሲጨመርበት 300 ይጠጋል። የሙሽሮቹ ቀን አይደገምም። ስለዚህ ማታ ቤት ስገባ የሚያሳስበኝ ይህ ሁሉ ከመተኛቴ በፊት ሁለት ቦታ መቀመጡ ነው።

ኪውናፕ ቲኤስ-264 የተባለውን የኔትወርክ ስቶሬጅ፣ በተለምዶ ናስ የምንለውን፣ የገዛሁት ለዚሁ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሌት ተቀን እየሠራ ነው፤ የጥርን የሠርግ ወቅት ከነሙሉ ጫናው አብሮኝ አልፏል። ታናሽ ወንድሜም ኤዲት የሚያደርገው ከዚሁ ላይ ነው። ዕቃው ሁለት ሃርድ ዲስክ ይይዛል፤ ባለ አራት ኮር የኢንቴል ሴሌሮን ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ከኋላ ሁለት የ2.5 ጊጋቢት ኔትወርክ ፖርቶች፣ ውስጡ ደግሞ ለሁለት ኤም.2 ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ ካርድ) የሚሆን ቦታ አለው። ከፊት ለፊቱ ያለው የዩኤስቢ ፖርትና አጠገቡ ያለው የኮፒ ቁልፍ ስገዛው ቁም ነገር አልመሰሉኝም ነበር። ዛሬ ከሁሉ በላይ የምነካቸው እነሱን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከላፕቶፕ ወደ ናሱ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ስልክ የዊንዶውስ መስኮት 11 ሜጋባይት በሰከንድ አሳየኝ። በዚህ ፍጥነት 300 ጊጋባይት ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ወደ ዲስኩም ወደ ናሱም ጣቱን መቀሰር የለበትም። 11 ከታየ መንገዱ ላይ የሆነ ቦታ ኔትወርኩ በ100 ሜጋቢት እየሠራ ነው ማለት ነው፤ 100ን ለ8 ስናካፍል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል፣ ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚላክበት የፓኬቱ መጠቅለያ የሚወስደው ሲነሳለት 11 ላይ ይቆማል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር የመጣው ራውተር ፖርቶቹ ባለ 100 ናቸው፤ ወይ ኬብሉ ችግር አለበት።

እኔ ቤት ሁለቱም ነበሩ። የኬብሉን ነገር ግን ዘርዘር ላድርገው፤ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነውና። ጊጋቢት ኔትወርክ በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራት ጥንድ ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ብቻ ይሠራል። ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ ከተበጠሰ ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ካልተነከሰ መሣሪያዎቹ ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ሊወርዱ ይችላሉ፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል፣ ፊልሙም ይታያል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። በግድግዳው ላይ የተዘረጋልኝ ኬብል ላዩ ላይ ካት 6 ተብሎ ተጽፎበታል። ጫፉን ቆርጬ አንዷን ሽቦ በቢላ ስፍቃት የመዳቡ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ረጅም ርቀት ላይም ይደክማል። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ከእንዲህ ዓይነቱ ካት 6 በእጅጉ ይበልጣል። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ሲሲኤ (የዚሁ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ምሕጻረ ቃል) የሚል ጽሑፍ ካለ ተዉት፤ ካልተጻፈም ጫፉን ፍቃችሁ እዩት። ባለሱቁ ቅር ቢለውም ዋጋው ያሳምናል፤ የመዳቡ ዋጋ በግልጽ ይለያል፣ ክብደቱም በእጅ ይታወቃል።

ኬብሉ ተቀይሮ፣ ናሱና ላፕቶፑ በአንዲት የጊጋቢት ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎችን በምታገናኝ ትንሽ ሣጥን፣ ሲገናኙ ፍጥነቱ 112 ሜጋባይት ገባ። ሰባቱ ሰዓት ወደ አርባ አምስት ደቂቃ ወረደ። እስካሁን ያወጣሁትን ገንዘብ ሁሉ ሳስብ፣ ለወጪው የተመለሰልኝ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

እዚህ ጋ ደጋግሜ የምጠየቀውን ልመልስ። የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግ በቤት ውስጥ ለሚተላለፍ ፋይል ምንም አይጨምርም። ፋይሉ ከላፕቶፑ ወጥቶ በስዊቿ አልፎ ናሱ ውስጥ ይገባል፤ ከቤት አይወጣም። ኢንተርኔት ጨርሶ ተቋርጦም ኮፒው በሙሉ ፍጥነት ይቀጥላል። ዋይፋይም ለዚህ ሥራ አይመረጥም። አየሩን ስልኩም ቴሌቪዥኑም በየተራ ይጋሩታል፣ የብሎኬት ግድግዳው ደግሞ የተረፈውን ይቀንሰዋል። ዋይፋዩን ለስልክ ትቼ ኤዲት የሚደረግበትን ጠረጴዛ በኬብል አስሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ 2.5 ጊጋቢት ሄድኩ። ናሱ ፖርቱ አለው፤ የጎደለው ባለ 2.5 ስዊችና ለላፕቶፑ የሚሆን የዩኤስቢ አዳፕተር ነበር። ይህ ደረጃ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የጸደቀው ቀድሞ በግድግዳ ውስጥ ያለ ካት 5ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ እንዲያገለግል ታስቦ ስለሆነ ኬብል እንደገና መዘርጋት አላስፈለገም። አዳፕተሩ የሚሰካበትን ቀዳዳ ግን ልብ በሉ። ዩኤስቢ 2 ላይ ከተሰካ ጣሪያው 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ከ40 ሜጋባይት በሰከንድ አያልፍም፣ ማለትም ከተራ ጊጋቢት ያንሳል። ዩኤስቢ 3 ላይ ሲሰካ አይፐርፍ3 በተባለው ነጻ ፕሮግራም ለክቼ 2.35 ጊጋቢት አገኘሁ። አይፐርፍ3ን አጥብቄ የምመክረው ዲስኩን ሳይነካ ኔትወርኩን ብቻ ስለሚለካ ነው። ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ኮፒው ከዘገየ ጥፋቱ ዲስክ ላይ ወይም ፋይሉ ላይ መሆኑን በሁለት ደቂቃ ታውቃላችሁ።

ግን የካሜራ ካርዱ ራሱስ? ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ዩኤችኤስ-1 (የካርድ የፍጥነት ደረጃ ነው) ካርድ ከአሠራሩ ጣሪያው 104 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ በተግባር 90 አካባቢ ይነበባል። ስለዚህ አንድ ካርድ ብቻ ወደ ናስ የሚገለብጥ ሰው 2.5 ጊጋቢት ቢገዛ ምንም ለውጥ አያይም። ጊጋቢት ይበቃዋል። ዩኤችኤስ-2 ካርድና ለእሱ የሚሆን ካርድ ሪደር ካለው ነገሩ ይለያል፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

የእኔ መፍትሔ ከፊት ያለችው የዩኤስቢ ፖርት ሆነች። የአንዱን ካሜራ ካርድ በካርድ ሪደር እሷ ላይ ሰክቼ የኮፒ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ናሱ ያለ ኮምፒውተርና ያለ ኔትወርክ በቀጥታ ወደ ራሱ ይገለብጠዋል። የሁለተኛው ካሜራ ካርድ በዚያው ሰዓት በላፕቶፑ በኩል ይገባል። ለየካርዱ 150 ጊጋ ብንል ሁለቱም ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃሉ። የኮፒ ቁልፉ የት ፎልደር እንደሚያስቀምጥ ቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ በየቀኑ አዲስ ፎልደር እንዲከፍት አድርጌዋለሁ፣ የአንዱ ሙሽራ ፋይል ከሌላው እንዳይቀላቀል።

2.5 ጊጋቢት ዋጋውን ያወጣው ኤዲት ላይ ነው። ወንድሜ የሁለት ካሜራ ፎርኬ ጎን ለጎን ከፍቶ ሲቆርጥ፣ እኔ በሌላ በኩል ካርድ ስገለብጥ፣ በጊጋቢት ጊዜ ምስሉ ይንቀጠቀጥበት ነበር። አሁን ሁለታችንም አንጠባበቅም። ለዚህ ግን ሃርድ ዲስኮቹ ብቻቸውን አልበቁም። በሬድ 1 የተጣመሩ፣ ማለትም አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዝ፣ ሁለት ዲስኮች ለጥበቃ ነው እንጂ ለመጻፍ ፍጥነት አይጨምሩም፤ አንድ ዲስክ የሚጽፈውን ያህል ነው የሚጽፉት። ባዶ ሳለ ወደ 200 ሜጋባይት የሚጠጋ ዲስክ ደግሞ እየሞላ ወደ ውስጠኛው ክብ ሲገባ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁለት ኤም.2 ኤስኤስዲ ጨምሬ በእጅ ላይ ላለ ሥራ የሚሆን ትንሽ ቮልዩም፣ ማለትም ራሱን የቻለ የማከማቻ ክፍል፣ ከፈትኩ። እነዚያ ቀዳዳዎች ፍጥነታቸው የተገደበ፣ ፒሲአይኢ 3 በአንድ መስመር ብቻ ስለሆኑ ውድ ኤስኤስዲ መግዛት ብክነት ነው፤ ርካሹም ቢሆን ኔትወርኩ ከሚችለው በላይ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ፋይሎች ያለማወላወል 280 ሜጋባይት ላይ ይሄዳሉ። ኤስኤስዲውን ለካሽ፣ ማለትም ደጋግሞ የሚነካውን ፋይል ቅጂ ለሚይዝ ጊዜያዊ ማረፊያ፣ ማድረግም ይቻላል፤ ለረጅም ቪዲዮ ግን ካሽ ብዙም ስለማይረዳ ለብቻው ቮልዩም ማድረጉን እመርጣለሁ። ሥራው ሲያልቅ ወደ ሃርድ ዲስኮቹ ይዛወራል።

ትንንሽ ፋይሎች ሌላ ታሪክ ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ የፎቶ ፋይሎች ሲገለበጡ ፍጥነቱ የትም ቤት ይወድቃል፤ እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት፣ ሲፈቀድና ሲዘጋ በላፕቶፑና በናሱ መካከል ምልልስ አለ። እዚህ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ሮቦኮፒ ባለውለታዬ ነው። ኤምቲ በሚለው ትእዛዝ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ይልካል፤ ከተቋረጠም እንደገና ሲነሳ የጨረሳቸውን ይዘላል። ያለቀላቸውን የድሮ ሥራዎች ደግሞ በአንድ ዚፕ ጠቅልዬ ነው የምልካቸው፤ ፎቶ ስለማይጨመቅ መጠኑን ለመቀነስ ሳይሆን አንድ ትልቅ ፋይል ለማድረግ ብቻ። የላይትሩም ክላሲክ ካታሎግ ኔትወርክ ላይ ሆኖ አይከፈትም፤ ካታሎጉ ላፕቶፑ ላይ፣ ፎቶዎቹ ናሱ ላይ ይሁኑ።

የናሱን ሁለት ኔትወርክ ፖርቶች በሊንክ አግሪጌሽን አጣምሮ እጥፍ ፍጥነት ለማግኘት የሚያስብ ካለ፣ አንድ ኮፒ ከአንድ ላፕቶፕ በዚያ መንገድ አይፈጥንም። ፓኬቱን ከተለመደው 1500 ባይት የሚያሳድገው፣ ጃምቦ ፍሬም የሚባለው ቅንብርም በዚህ ፍጥነት የሚያመጣው ጥቅም ከሚያስከትለው ጣጣ ያነሰ ነው፤ 1500 ላይ ተዉት።

ስለ መብራት ሳልናገር ይህን ግምገማ ብጨርስ እዚህ አገር ላለ ገዢ ምንም አልነገርኩትም ማለት ነው። ኮፒ መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ናሱና ስዊቿ ግን ይሞታሉ። እየተጻፈ የነበረው ፋይል ይቆረጣል። ከዚህ የሚብሰው በደጋገመ ቁጥር ዲስኮቹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ ከናሱ ጋር እኩል ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ዕቃውን በባትሪ የሚያቆየው፣ በጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ ለኤስኤስዲው ገንዘብ ካልተረፈ ኤስኤስዲው ይቅር። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከናሱ ጋር የሚነጋገር ዓይነት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ናሱ ያውቃል፤ እኔ በወሰንኩለት ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት ይጠፋል። ስዊቿንም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኩ፤ አለበለዚያ ናሱ በሕይወት ቢኖርም መንገዱ ይዘጋል። በጥር ወር ሰፈራችን ማታ ማታ መብራት ሲቆራረጥ ከርሟል፤ ተጀምሮ የተበላሸ አንድም የሠርግ ፋይል የለኝም።

ድምፅን በተመለከተ፣ በደቂቃ 7200 የሚዞሩ ዲስኮች መኝታ ቤት አይቀመጡም። ሲጽፉ የሚያሰሙት ኩርኩርታ በባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይጎላል፤ ወፍራም ጎማ ከሥሩ ሳነጥፍለት ቀንሷል። በበጋው አቧራ የማራገቢያውን ወንፊት በየጊዜው በብሩሽ መጥረግ ግድ ነው።

ደኅንነቱን እንደ ዋዛ አትዩት። በጥር 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዴድቦልት የተባለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በኢንተርኔት በኩል በቀጥታ የሚገኙ የኪውናፕ መሣሪያዎችን አጥቅቷል። ራውተሬ ላይ ለናሱ የከፈትኩት ፖርት የለም፤ ከውጭ ማንም አያየውም፣ እኔም ጭምር። ደንበኛ ቪዲዮውን ሲፈልግ በፍላሽ ይወስዳል ወይም ለይቼ እልክለታለሁ። ሬድ 1 ደግሞ ዲስክ ቢሞት ያድናል እንጂ በስሕተት የተሰረዘ ፋይልን አይመልስም። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ በየሳምንቱ እናታችን ቤት ይሄዳል።

ዕቃውን ማን ይግዛው? ብቻውን የሚሠራና ቪዲዮ የማይነካ ፎቶ አንሺ ባለ አንድ ጊጋቢት ናስ፣ ንጹሕ የመዳብ ኬብልና ዩፒኤስ ቢይዝ ይበቃዋል፤ የተረፈውን ለሌንስ ያድርገው። ሁለት ሰው ከአንድ ቦታ ቪዲዮ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ቲኤስ-264 ከነ2.5 ስዊቹ ያለ ማመንታት የምመክረው ነው። እኔ ቀጥሎ የምገዛው ለዋናው ካሜራ ዩኤችኤስ-2 ካርድ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ሳይጀምር ለማድረስ አስቤያለሁ።