የዓባይ ማዶዋ ኳስ ቤት፦ ወንበሯ ይቆረቁራል፣ ወሬዋ ይጥማል

ባሕር ዳር ውስጥ ኳስ ማሳያ ቤት ብርቅ አይደለም። ፔዳ አካባቢ ተማሪ የሚተራመስባቸው አሉ፤ ወደ ሐይቁ ዳር ጠጋ ስትሉ ደግሞ ቢራ ካላዘዛችሁ አስተናጋጁ የሚያፈጥባችሁ አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ አንዷ ብቻ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዓባይ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችው። ስም የላትም። በሯ ላይ «ዲኤስቲቪ አለ» የሚል የቆርቆሮ ጽሑፍ አለ፣ በቃ።

ቀጥታ ልንገራችሁ፣ ለምቾት ብላችሁ አትሂዱ። መቀመጫው መደገፊያ የሌለው የጣውላ አግዳሚ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን አለ። ትልቁ አሪፍ ነው። ትንሹ ግን ሣሩን ሰማያዊ አድርጎ ስለሚያሳይ ቼልሲ ሲጫወት ተጫዋቹና ሜዳው አይለይም። መግቢያ በአዘቦቱ 20 ብር፣ ትልቅ ጨዋታ ሲሆን 40።

ታዲያ ለምን እንሂድ ካላችሁ፣ ለወሬው። ሌላው ቤት ወሬው ሁሉ ማንን ገዛን፣ ስንት ሚሊዮን ከፈልን ነው። እዚህ ሰው የሚጣላው ገና ጺም ባላበቀለ ልጅ ነው። የማን ታዳጊ ነገ ዋናው ቡድን ይገባል፣ የማን ልጅ ተወርቶለት ይቀራል፣ ማንን ቸኩለው ሸጡት... ይኼን ክርክር እንደዚህ በዕውቀት የሚያስኬድ ቤት ከተማው ውስጥ ሌላ አላየሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰሌዳው ነው። የትም ኳስ ቤት እንዳለው የጨዋታ ሰዓት የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ላዩ የተለመደው ነው፤ «9:30 አርሰናል»፣ «12 ሰዓት ማንቼ»፣ «ማታ 4 ሰዓት ሻምፒዮንስ ሊግ»። ከታች ግን በጠመኔ መስመር ተሰምሮ የልጆች ስም ተደርድሯል። ደንበኛው ለዋናው ቡድን ገና ያልተጫወተ አንድ ልጅ መርጦ ያስጽፋል፣ ከጎኑ የራሱ ስም ይጻፋል። የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ልጁ በሊግ ጨዋታ ከገባ፣ «አይገባም» ብለው የተከራከሩት ሁሉ ቡና ይጋብዙታል። ካልገባ እሱ ይጋብዛል። ብር አይያዝበትም፣ ባለቤቱ በዚህ ድርድር አያውቅም። ቤቲንግ ቤት በየጥጉ በተከፈተበት ዘመን ይኼ ብቻውን ያስመሰግነዋል። ነሐሴ 2017 ላይ የአርሰናሉ ማክስ ዳውማን በ15 ዓመቱ ከሊድስ ጋር ተቀይሮ ገብቶ ጭራሽ ፔናሊቲ ሲያስገኝ፣ ያስጻፈው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቡና በኪሱ አልጠጣም።

ሙድ ማየት ከፈለጋችሁ አርሴና ማንቼ (የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች) እኩል የሚሰበሰቡበትን ቀን ጠብቁ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፣ ማንቼ ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። አርሴዎቹ አርሰናል ያሳደገውን ንዋኔሪን አንሥተው ይመጡባቸዋል። መስከረም 2015 ብሬንትፎርድ ላይ ሲገባ ዕድሜው 15 ዓመት ከ181 ቀን ነበር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያን ያህል ትንሽ ልጅ ተጫውቶ አያውቅም። ጋሼ ግን አይደነግጡም።

«አንተ ልጅ፣ የኛ ቤት እኮ በፈረንጅ ከ1937 ጀምሮ ራሱ ያሳደገው ልጅ በሌለበት ቡድን ሜዳ ገብቶ አያውቅም። የኤፍኤ ካፑን ፍጻሜ ሲቲ ላይ ማን አገባ? ጋርናቾና ሜይኖ! ሁለቱም የቤት ልጅ!»

«እሽ ጋሼ፣ ታዲያ ጋርናቾን ለቼልሲ ምን ብላችሁ ሸጣችሁት?»

ቤቱ ይፈነዳል። ጋሼ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

እዚህ ላይ ነው ባንክ የሚሠራው ልጅ የሚነሣው። ከሱ የሰማሁትን በየትኛውም የስፖርት ፕሮግራም አልሰማሁም። ክለቡ አንድ ተጫዋች በ50 ሚሊዮን ገዝቶ የ5 ዓመት ውል ቢያስፈርመው፣ መዝገቡ ላይ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ወጪ ይያዝበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ40 ሚሊዮን ቢሸጠው ገና 30 ሚሊዮን ዋጋ አለውና ትርፉ 10 ብቻ ነው። ከልጅነቱ ያሳደገው ልጅ ግን መዝገቡ ላይ የግዢ ዋጋ የለውም። በዚያው 40 ሚሊዮን ቢሸጥ 40ውም የዚያ ዓመት ትርፍ ነው። ሊጉ ደግሞ በክለቦች ሒሳብ ላይ ገደብ አስቀምጧል። ስለዚህ ሒሳቡ የጠበበው ክለብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የገዛ ልጁ ላይ ነው። ቼልሲ ጋላገርን ለአትሌቲኮ የሰጠው፣ ዩናይትድ ማክቶሚኔይን ለናፖሊ የለቀቀው እንዲህ ባለው ዘመን ነው። ማክቶሚኔይ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ አንሥቶ የጣሊያኑ ሴሪ አ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ጋሼ ሁሉንም ጸጥ ብለው ሰሙና «ሒሳቡስ ገባኝ። ልጅ ግን በሒሳብ ይሸጣል?» አሉ። የሚመልስ አልተገኘም።

ሌላው ብቁ ሰው የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኙ ነው። ብዙ አይናገርም፣ ሲናገር ግን ዝም ብላችሁ ስሙት። አንድ ቀን ልጆቹ በሰፊ ጎል ተሸንፈው ሰዉ ሲሳለቅበት ያመጣው ምሳሌ ይኼ ነበር። ሚያዝያ 2015 ላይ የአርሰናል ታዳጊዎች በኤፍኤ የወጣቶች ዋንጫ ፍጻሜ በገዛ ሜዳቸው በዌስትሃም 5 ለ 1 ተቀጠቀጡ። እዚያ ከተሸነፉት ውስጥ ሉዊስ-ስኬሊና ንዋኔሪ ነበሩ። ጥር 2017 ላይ አርሰናል ማንቸስተር ሲቲን በዚያው ሜዳ 5 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱም ጎል አገቡ። ስኬሊማ ጭራሽ የሲቲውን አጥቂ የሃላንድን የደስታ አገላለጽ ኮርጆ ቁጭ አለላችሁ። «ታዳጊ በውጤት አይለካም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ስለ ስልክ ካነሣን፣ ባለቤቱ ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት የዩኤፋን የወጣቶች ሊግ ከስልኩ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን አገናኝቶ ያሳያል። ኔትዎርክ ሲፈቅድ ነው ታዲያ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ሰሌዳው የሚሞላው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እየደወለ በሚነግረው ነበር። ዜናው ከተማውን ሳይዳረስ እዚህ የተጻፈበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን የሰሌዳውን ጥግ ነው። እዚያ ላይ የአውሮፓ ልጅ አይጻፍም። የኛው ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ሽምብጥ የሚጫወተው ግራ እግሩ፣ «ሳካ» የሚሉት አጭሩ ልጅ፣ ከመራዊ እየተመላለሰ የሚሠለጥን አንድ በረኛ። ጥያቄው ባሕር ዳር ከነማ ከነዚህ ውስጥ ማንን ያሳድጋል የሚል ነው። ከነማ ራሱ ከከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ሊግ) ወጥቶ በ2011 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የገባ ቡድን ነው። በ2015 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ከዚያም በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን በፔናሊቲ ጣለ። ያን ማታ ቤቷ ውስጥ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ችግሩ የኛ ሊግ ከ2013 ወዲህ ለቴሌቪዥን ሲባል ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው በዙር የሚጫወቱበት መሆኑ ነው። ተራው ደርሶን ካልሆነ በቀር የጣና ሞገዶቹን፣ ከነማዎቹን ማለቴ ነው፣ የምናያቸው እንደ አርሰናል በስክሪን ነው። የሰፈሩ ልጅ ነገ እሆነዋለሁ የሚለውን ተጫዋች በዓይኑ ሳያይ ያድጋል። ኅዳር 2012 ላይ ዋልያዎቹ እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የነበረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። አሰልጣኙም ሁሌ የሚያማርረው ይኼንኑ ነው። የዕድሜ ነገር ከተነሣማ አለቀ፤ «ከ17 ዓመት በታች» ተብሎ ጺሙን ተላጭቶ ስለሚመጣው አጥቂ ይወራና፣ ዕድሜ የሚለየው የኤምአርአይ ምርመራ ባይመጣ ኖሮ የልጆች አባት ሁሉ ታዳጊ ይሆን ነበር ተብሎ ይሳቃል።

የቤቱን ምርጥ ዓይን ግን ከወንዶቹ መሀል አትፈልጉት። ጥግ ላይ ጀበና የጣደችው፣ ሁሉም እታለም የሚላት፣ ሰሌዳው ላይ ያስጻፈችው ልጅ ሲገባላት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። እንዴት ነው የምትመርጪው ስላት ቡናውን እየቀዳች «ኳስ ሳይደርሰው በፊት ቀና ብሎ ያያል አያይም ብዬ ነው የማየው፤ ፍጥነቱን ሁሉም ያየዋል» አለችኝ። ከሷ በቀር ሴት ብዙም አይገባም። በጭሱና በጫጫታው ምክንያት ይመስለኛል። ባለቤቱ ሲጋራውን ውጭ ቢያደርገው ይለወጥ ነበር።

ሌላም አለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ለማስነሣት መጀመሪያ ስንት ሰው እንዳለ ይቆጥራል። እሱ ሲቆጥር ጎል ይገባል። ሽንት ቤቱን ባልናገር ይሻላል። በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮው ሥር ዘጠና ደቂቃ መቀመጥ ፍላጎት ይጠይቃል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከ10 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ጀበናው አጠገብ ተቀመጡ። ቅዳሜ የሚሄድ ሰው ጨዋታ እንጂ ወሬ አይሰማም። ባለቤቱን ካገኛችሁት ደግሞ አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ ማንቼና ሲቲ ሲሆን 40 ያስከፍል፣ ግድ የለንም። የባሕር ዳር ከነማን ጨዋታ ግን በ20 ያድርገው፤ ለፕሮጀክት ልጆቹ ደግሞ በነፃ።