ወሎን ለመጀመሪያ ጊዜ መዞር፦ ትልቁ አውቶቡስ፣ ሚኒባሱና የኮንትራት መኪናው ሲመዘኑ

ወሎን አይቶ የማያውቅ ሰው ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ወልድያንና ላሊበላን በአንድ ጉዞ ለማዳረስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ብር እንደሚፈጅ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ከየከተማው የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ይወጣል? የብዙ ሰው ዕቅድ የሚሰናከለው መኪና ለመቀየር በወረደበት መናኸሪያ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ይቀንሳል፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቆማል፣ ሲመሽ ደግሞ ሾፌሩ «ነገ ጠዋት» ይላል። ስለዚህ ሦስቱን የመጓጓዣ ዓይነቶች ስንመዝን ከዋጋቸው ይልቅ የሚነሡበትንና የሚያወርዱበትን ሰዓት አስቀድመናል።

አንድ ነገር ከሁሉም ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ሆቴል ከመያዝም ትኬት ከመቁረጥም በፊት መድረሻ ከተማው ላይ ላለ ሰው ደውሉ፤ በየማረፊያው ደግሞ ለቀጣዩ ቀን መንገድ ማታውኑ መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ። በዕለቱ እዚያ ደርሶ የተመለሰ ሾፌር ከማንም የተሻለ ያውቃል። በዕቅዱ ላይም አንድ ባዶ ቀን ይኑር፤ መንገድ ከተዘጋ ያ ቀን ጉዞውን ያድነዋል።

ትልቁ አውቶቡስ ለረጅሙ መንገድ ተወዳዳሪ የለውም። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ወንበሩ በቁጥር ነው፣ ትኬቱ ቀድሞ ይቆረጣል፣ ሲደርስም ሆቴል ለመፈለግ ብርሃን ይተርፋል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ደስ ባለህ ቦታ አይቆምም፤ የጣርማ በርን ገደል በመስኮት አይቶ ማለፍ ግድ ነው። ሁለተኛው የሻንጣ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ስለሚገኝ ጉዞውን ከባቲ የሚጀምር ሰው መውረድ ያለበት ኮምቦልቻ ነው። ይህን ለረዳቱ ሻንጣ ሲጫን ካልነገሩት ዕቃው ከደሴዎቹ ሻንጣ ሥር ይቀበርና ሁሉም ተራግፎ ይፈለጋል፣ አለዚያም ደሴ ድረስ ይሄዳል። ደሴ ወርዶ መመለስ ደግሞ የሐረጎን ዳገት በከንቱ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው። ሐረጎ ላይ ተሳቢ መኪኖች በዝግታ ይወጣሉ፣ ጉምም ይወርዳል፤ አጭር ቢመስልም አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ሚኒባሱ ለአጭር ርቀት ነው። ደሴ–ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር፣ ኮምቦልቻ–ባቲ 40 ኪሎ ሜትር፣ ደሴ–ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእነዚህ መስመሮች ጠዋት መኪና አይጠፋም። ሲሞላ ነው የሚነሣው፤ ስለዚህ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መናኸሪያ መገኘት ነው። «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» ሲባል ውስጥ የተቀመጡትን ዕቃ መያዝ አለመያዛቸውን እዩ፤ መኪናው የሞላ እንዲመስል የሚቀመጡ አሉ። ጋቢና ከተገኘ ጋቢና፣ ካልተገኘ ከሾፌሩ ኋላ ያለው የመጀመሪያ ረድፍ ይሻላል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ በሦስት ሰው ቦታ አራት ሆኖ መቀመጥ ልማድ ስለሆነ ለረጅም እግር አይሆንም። ፖርቶ መጋላ (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ የወጣ ሻንጣ ሸራ መልበሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ቆላው ላይ አቧራ፣ ደጋው ላይ ዝናብ ያገኘዋል።

ሒሳብ የሚከፈለው መኪናው ከተነሣ በኋላ ለረዳቱ ነው። በር ላይ ለሚጮኸው ደላላ አይከፈልም፤ ታሪፉንም ከረዳቱ ሳይሆን አጠገባችሁ ከተቀመጠ የአካባቢው ሰው ጠይቁ። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ማዘዋወር ነው። «ቀጥታ ወልድያ» ተብሎ የተነሣ ሚኒባስ ሰው ሲጎድልበት መርሳ ላይ ተሳፋሪውን ለሌላ መኪና ያስረክባል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ረዳት የቀሪውን መንገድ ሒሳብ ለሁለተኛው ሲሰጥ ሳታዩ አትውረዱ። «አብሽር፣ ተነጋግረናል» ቢላችሁም «ወንድሜ፣ እዚሁ ፊታችን ስጠው» ማለት ነው። በክፋት ያደረገው ላይሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ረዳት ግን ያልተቀበለውን ብር እንደገና ከእናንተ መጠየቁ አይቀርም።

የኮንትራት መኪና በቀን ብዙ ቦታ ለሚያይ ሰው ከሁሉ ይሻላል፤ ጠብ የሚበዛበትም እሱ ነው። አራት ሰው ሆኖ ከደሴ ተነሥቶ ቦሩ ሜዳን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ በሚኒባስ አይሞከርም፤ በኮንትራት ግን ተዝናንቶ ይታያል። ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት፣ ውጫሌ ደግሞ የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት ነው። ሁለቱም አሁን ከመንገድ ላይ እንዲሁ የሚታለፉ ስለሆኑ ቁም ብሎ የሚያስቆም ሰው ያስፈልጋቸዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን አያስገባም። ባልና ሚስት ሆነው የሚሄዱ ይህን ቀድመው ይወቁ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሐይቁ ዳር አሳ እየበላ የሚጠብቅበትን ሰዓት ለሾፌሩ ይንገሩት።

ከኮንትራት ሾፌር ጋር «በቀን ይህን ያህል» ብሎ መስማማት አይበቃም። ነዳጁ የማን ነው? የሾፌሩ ምግብና ማደሪያ በማን ነው? ወልድያ ወይም ላሊበላ ላይ ከተለያያችሁ የባዶ መመለሻ ይጠይቃል ወይ? ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ገደብ አለው? መልሶቹን በቴሌግራም ጽፋችሁ ላኩለትና «ተስማምቻለሁ» ይበል። ቅድሚያ ከግማሽ በላይ አትስጡ። ነዳጅ ደግሞ ማታ ይሞላ። ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ የሚገባ መኪና የቀኑን ግማሽ ይበላል፤ ብዙ ጉዞ የሚበላሸውም በዚህ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት እስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ነፋስ መያዙን፣ ክሪክ መኖሩን፣ የጎማው ጥርስ አለመላጨቱን፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጊዜ አለማለፉን ተመልከቱ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድን ሾፌር «ወንድም፣ በማርሽ ውረድ» ማለትም ነውር አይደለም፤ ፍሬን ከጋለ አይዝም።

አነስተኛ የቤት መኪና ለባቲም ለሐይቅም ይበቃል። ለግሸን ማርያምና ከላሊበላ ወጣ ብሎ ላለው ለይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያዙ፤ በክረምት ደግሞ ሾፌሩ ራሱ መንገዱን የሚያውቅ ይሁን። መቅደላን ከዚህ ጉዞ ጋር አትቀላቅሉት፤ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል።

ቀን አመራረጡ መኪናውን ያህል ይወስናል። የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የላሊበላ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ እሑድ ኮምቦልቻ ገብቶ ማደር፣ ሰኞ በማለዳ ባቲ፤ ገበያው የሚደምቀው ረፋድ ላይ ነው፣ ቆላ ስለሆነም ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ይከብዳል። ማክሰኞ ወደ ደሴ መውጣትና ከተማውን ማየት፤ ረቡዕ በኮንትራት ሐይቅና ውጫሌ፤ ሐሙስ በሚኒባስ ወልድያ፤ ዓርብ በማለዳ በጋሸና ላሊበላ። ጋሸና ላሊበላ ለመድረስ 64 ኪሎ ሜትር ሲቀር መኪና የሚቀየርበት ቦታ ነው፤ ብርዱ ኃይለኛ ነው፣ መኪና መጠበቁም ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ወልድያ ላይ ላሊበላ ድረስ የሚሄድ ከተገኘ ትንሽ ቢወደድም እሱን ያዙ። ዓርብን በማለዳ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ ነውና ብዙ ሾፌርና ባለሱቅ መስጊድ ይሄዳል፤ በዚያ ሰዓት መናኸሪያ የደረሰ ሰው ይጠብቃል። ቅዳሜና እሑድ ለላሊበላ ይሁኑ፣ ሰኞ ለይምርሐነ ክርስቶስ፤ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ። የመጡበትን መንገድ በመኪና መመለስ ሁለት ሙሉ ቀን ስለሚበላ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው መውጣት ይሻላል። በረራው መኖሩን ግን ጉዞውን ሳትጀምሩ አረጋግጡ።

የግሸን ማርያም ክብረ በዓል በሚውልበት በመስከረም 21፣ እንዲሁም በገናና በመውሊድ ሰሞን መኪናውም አልጋውም ይያዛል። ለበዓሉ ካልሆነ አንድ ሳምንት አሳልፎ መምጣት ይመረጣል።

ለልብስ፣ ጉዞው ከፍታና ዝቅታ የሚፈራረቁበት ስለሆነ ሹራቡ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ይሁን። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትሆኑና ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፤ ኮምቦልቻ ሙቅ ነው፣ ደሴ ማታ ጋቢ ያስፈልገዋል። ሸዋ ሮቢትና ባቲ የወባ አገር ስለሆኑ አጎበር የሌለበት አልጋ አትከራዩ። ምግብ ቤት ስትገቡ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ መሆኑን አውቃችሁ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰዉ ጥያቄውን ለምዶታል፣ በትሕትናም ያሳያችኋል። ቴሌብር ሆቴልና ማደያ ላይ ይሠራል። ለሚኒባስ፣ ለባጃጅና ለገበያ ግን ዝርዝር ብር ከደሴ ይዛችሁ ውጡ፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን የሚያገለግለው እሱ ብቻ ነው። ባጃጅ ላይ ከመግባታችሁ በፊት «ኮንትራት ነው ወይስ በተራ?» ብሎ መጠየቅ አይዘንጋ፤ ዝም ብሎ የገባ ሰው እንደ ኮንትራት ይታሰብበታል።