የእናቴን እጅ ላከመችልን ፊዚዮቴራፒስት፣ እጅሽ ይባረክ

እናቴ በግራ ጡቷ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ጥገና ሲደረግላት ብብቷ ውስጥ ያሉ የሊምፍ ዕጢዎችም (ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣሩት) አብረው ወጡ። ከካንሰሩ ድናለች፣ ተመስገን። ከወራት በኋላ ግን ግራ እጇ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀለበቷ ጠበባት፤ ቀጥሎ የልብሷ እጅጌ አልገባ አለ። ያየ ሁሉ "በደንብ ይታሽ" ይለናል። ደግነቱ ሐኪሟ በሊምፍ እብጠት ላይ ወደምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ላካት። ይህን የምጽፈው እሷን ለማመስገንና የቸገረው ሰው ካለ ለመጠቆም ነው።

ልጅቷ እጇን ከማሳረፏ በፊት ጠየቀች። የልብ ሕመም አለብዎት? ደም ረግቶብዎት ያውቃል? እጅዎን ያቃጥልዎታል? እናቴ "የኔ ልጅ፣ ያበጠው እጄ ነው፤ ልቤን ምን አመጣው?" አለቻት። "እማማ፣ እዚህ የተጠራቀመው ፈሳሽ ዞሮ ዞሮ ወደ ደምዎ ነው የሚመለሰው። ልብዎ ይችለዋል ወይ የሚለውን ማወቅ አለብኝ" አለቻት። እኔ በዚህች መልስ ነው የተማመንኩባት።

ከዚያ ወረቀት አውጥታ ሳለችልን። ደም ከግራው የልብ ክፍል በደም ቅዳ ይወጣል፣ በደም መልስ ወደ ቀኙ ይመለሳል፣ ሳንባ ደርሶ ኦክስጅን ይዞ እንደገና ወደ ግራው ይገባል። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ልብ በእረፍት ላይ ሆኖም ያን ያህል በ1 ደቂቃ ውስጥ ይረጫል። እስከዚህ ያለውን ትምህርት ቤትም ሰምተነዋል።

ያልሰማነው ቀጥሎ ያለውን ነው። በደም ቅዳና በደም መልስ መካከል ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ግድግዳቸው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ከደሙ ውስጥ ፈሳሽ በዚያ እየሰረገ ሕዋሳትን ይመግባል። አብዛኛው ተመልሶ ይገባል፤ በቀን 3 ሊትር የሚሆነው ግን ውጭ ይቀራል። ይህን የሚሰበስቡት የሊምፍ ቱቦዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ልብ የላቸውም! ፈሳሹን የሚገፉት የራሳቸው ግድግዳ ሲኮማተር፣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስና ሰው ሲተነፍስ ነው። ወደ ኋላ እንዳይመለስ በየመንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ በሮች አሉ። በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ሲያልፍ ጀርሙ ይጣራል። ጉሮሯችንን ሲያመን አንገታችን ላይ የሚያብጠው ንፍፊት ይኸው ዕጢ ነው።

የሁለቱ እግሮች፣ የሆድና የግራ እጅ ሊምፍ መጨረሻው በግራ በኩል አንገት ሥር ያለ ትልቅ ደም መልስ ነው። የቀኝ እጅ፣ የቀኝ ደረትና የቀኝ የራስ ክፍል በቀኙ በኩል ይገባሉ። "የእግሬ ፈሳሽ እስከ አንገቴ ድረስ ይወጣል?" ብላ እናቴ ተገረመች።

ሕክምናውን የጀመረችውም ከአንገት ነው፤ ያበጠውን እጅ ገና አልነካችውም። መንገዱ ከላይ ሳይከፈት ከታች ቢገፋ የት ይሄዳል? አነካኳ ቀላል ነው፤ ቆዳውን ብቻ ሳብ አድርጋ ትለቃለች። የመጀመሪያዎቹ የሊምፍ ቱቦዎች ከቆዳ ሥር ስለሆኑ ጉልበት አይፈልጉም። የብብቱ ዕጢዎች ስለሌሉ ፈሳሹን ወደ ቀኝ ብብትና ወደ ግራ ብሽሽት ትመራዋለች። ዘዴውን በ1930ዎቹ የጀመሩት ኤሚል እና ኤስትሪድ ቮደር የተባሉ ዴንማርካዊ ባልና ሚስት መሆናቸውንም ከእሷ ነው የሰማነው።

በመጨረሻ ፋሻ ታስራለች። ጣቶቹ ጋ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ ይሄዳል። እኔም እያሰርኩ እየፈታሁ እስክለምድ ድረስ ታግሳኛለች። ክንዷንም ሁሌ በሜትር ትለካለች፤ ለውጡን በወረቀት አይተነዋል። "ጨርሶ ይጠፋል" ብላ ግን አንድም ቀን አላታለለችንም። እብጠቱ እንደሚቀንስ፣ ከዚያ በኋላ ጠበቅ ያለውን የላስቲክ እጅጌ ማድረግ፣ እጅን ማንቀሳቀስና ቆዳን ከቁስል መጠበቅ የዕለት ሥራ እንደሚሆን ነገረችን። ቀለበቱ አሁን ይገባል።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ። እሷ ርቃችሁ ከሆነ ሌላ ስትመርጡ በሊምፍ እብጠት ላይ የሠለጠነ መሆኑን ጠይቁ። ስለ ልባችሁና ስለ ደም መርጋት ሳይጠይቅ ማሸት የሚጀምር ከሆነ ተነሱና ውጡ።

እጁ ድንገት ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ከመጣ ግን እሷም ጋ አትሂዱ፤ በቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ እሷ ራሷ አትነካውም።