በኮምፓስ ወይስ በጂፒኤስ?

ክርክሩ የተነሣው ጎንደር ፒያሳ፣ ቡና ላይ ነው። በጣና ላይ ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር በራሷ የምትሄድ ጀልባ ብትኖርስ? "አቅጣጫ ሞልቶ መተኛት ነዋ!" አለ ጓደኛዬ። ኧረ ቀስ!

በኮምፓስ ብቻ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፓሱ የጀልባዋ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ከታዘዘው አቅጣጫ ጋር ያነጻጽራል። 5 ዲግሪ ወደ ግራ ከሳተች፣ ሞተር መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ገና መስመሯን ሳትይዝ መሪውን መመለስ ይጀምራል። አለዚያ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች። ችግሩ፣ ንፋስ በጎን ቢገፋት አፍንጫዋ ስላልዞረ ኮምፒውተሩ አይነቃም። በ60 ኪሎ ሜትር መንገድ 3 ዲግሪ መንሸራተት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ያስታል።

ያለችበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያውቀው ጂፒኤስ ሲጨመር ግን ከመስመሩ ምን ያህል እንደወጣች ይታወቃል። አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ ዘንበል አድርጎ ይይዛታል። ለረጅም መንገድ የምመርጠው ይሄንን ነው። ዳር አካባቢ የሰው እጅ ይሻላል።

በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈውን ዓሣ አጥማጅ ግን ሁለቱም አያዩትም።

"መተኛቱስ ታዲያ?" አለኝ።

"ቡናህን ጠጣ" አልኩት።