ዲ.ቢ.ኤስ. ወይስ ፒ.ቪ.ጂ.፦ የወጣት ክበባት በጎ ፈቃደኞች ማጣሪያ በእንግሊዝና በስኮትላንድ

በበጎ ፈቃደኞች ብቻ የሚመራ አነስተኛ የወጣቶች ክበብ ከልጆች ጋር የሚውሉትን አዋቂዎች እንዴት ያጣራል ለሚለው ጥያቄ እንግሊዝና ስኮትላንድ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመው የእንግሊዝና የዌልስ ዲ.ቢ.ኤስ. (የሰዎችን የወንጀል መዝገብ የሚያጣራ የመንግሥት ተቋም) የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በወጣበት ቀን የነበረውን መዝገብ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ባለቤቱ በማግስቱ ቢፈረድበት እንኳ ወረቀቱ እንደ ንጹሕ ይቆያል። ይህን ክፍተት የሚሞላ የመረጃ ማደሻ አገልግሎት አለ፤ ለበጎ ፈቃደኞችም ክፍያ የለውም። ሆኖም አዲስ ነገር መኖር አለመኖሩን በየጊዜው የሚያጣራው ክበቡ ራሱ ነው፤ ማታ ማታ ከሥራ መልስ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ይህን መዘንጋቱ አይቀርም።

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ፒ.ቪ.ጂ. (ከልጆች ጋር የሚሠሩ ሰዎች በአባልነት የሚመዘገቡበት የማጣሪያ ሥርዓት) ግን አባሉን ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ አባሉ ከልጆች ጋር እንዳይሠራ ለማገድ ጉዳዩ መታየት ሲጀምር ለክበቡ ይነገረዋል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮም ሕጉ ለለያቸው ኃላፊነቶች አባልነቱ ግዴታ ሆኗል። ጽሕፈት ቤትም ሠራተኛም ለሌለው ክበብ፣ በእኔ ግምት፣ የስኮትላንዱ ይሻላል። ሁለቱም ግን ክስም ሆነ ጥቆማ ቀርቦበት የማያውቀውን ሰው ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን የሚከለክለው የውስጥ ደንብ በሁለቱም አገር አይቀሬ ነው።